የደመላሽ ኮፍያ

ደባርቅ ላይ የተከፈተው የእምቢልታ መደብር ከጎንደሩ ጋር መንታ ነበር፤ የጎንደሩ ከባሕር ዳሩ፣ የባሕር ዳሩም ከአዲስ አበባዎቹ ጋር። እምቢልታ አዲስ አበባ ያለ የመዝናኛ ድርጅት ነው። ዘፈን ያሳትማል፣ ፊልም ያከፋፍላል፣ ከሚሊኒየሙ በዓል ወዲህ ደግሞ በየከተማው የራሱን ሱቅ እየከፈተ ሲዲውንም ቲሸርቱንም ኮፍያውንም በራሱ ስም ይሸጣል። የትኛውም እምቢልታ ቢገቡ ግድግዳው ብርቱካናማ ነው፤ መደርደሪያው በግራ፣ ሒሳብ መቀበያው በቀኝ። የደባርቁ ቤት በቀኝ በኩል መስኮት ነበረውና ከአዲስ አበባ የመጡት አናጺዎች መስኮቱን በጣውላ ደፍነው ሒሳብ መቀበያውን አቆሙበት። በዚያ መስኮት የሰሜን ተራሮች ይታዩ ነበር። ለቱሪስት ተብሎ የተከፈተ ሱቅ ተራራውን በጣውላ ደፈነው እያለ የሰፈሩ ሰው ሳቀ።

የመደብሩ ኃላፊ እሌኒ ሀብተ ሚካኤል ትባላለች። የጃናሞራ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጎንደር ሒሳብ አያያዝ ተምራ ሥራ አጥታ ስትንከራተት ነው እምቢልታ የቀጠራት። ሥራ ከመጀመሯ በፊት አዲስ አበባ ወስደው አሠልጥነዋታል። ካስጠኗት ሁሉ ዋናው ደንበኛ ሲገባ የሚባለው ቃል ነው፤ በየመደብሩ አንድ ነው፣ አይጨመርበትም አይቀነስለትም። "እንኳን ወደ እምቢልታ በደህና መጡ። ዛሬ ምን እናሰማዎ?"

ይህ ቃል ደባርቅ ላይ ሰው አስበረገገ። በዚያ አገር በር ላይ ቆሞ "ላሰማህ" የሚል ሰው የያዘው መርዶ ነው። ለሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ፍለጋ የገቡ አንድ ሽማግሌ ቃሉን ሲሰሙ ክው ብለው ቆሙና፣ "ክፉ አያሰማን ልጄ፣ ማን ሞተ?" አሏት። ማንም እንዳልሞተ እስክታስረዳቸው ላብ አጠመቃት። ጎንደር ደውላ ቃሉን ልቀይረው ብትል አይሆንም ተባለች። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሲገባ ቃሉን ቶሎ ታነበንብና እንደ ጸሎት መዝጊያ "ክፉ አያሰማዎ" ብላ ታስከትላለች። ሥራዋን ግን ትወደው ነበር። ከቤተሰቧ ደመወዝ የሚባል ነገር የበላ እሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ ለዚህም ያበቃት ታላቅ ወንድሟ ደርበው መሆኑን አንድ ቀን እንኳ ረስታ አታውቅም።

አባታቸው ሀብተ ሚካኤል የተገደለው እሌኒ ድክ ድክ በምትልበት ዘመን ነው። በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ፣ ይግዛው የሚባል ጎረቤቱ ተኩሶ ጣለው። ይግዛው ተፈርዶበት እስር ቤት ሞተ፤ በአገሩ ሥርዓት ግን ደሙ ከእሱ ጋር አልሞተም። ወደ ልጁ ወደ ቻላቸው ተሻገረ። መመለሱ ደግሞ በደርበው ላይ ወደቀ። ደርበው ያን ጊዜ ገና ፊደል ሊቆጥር ከየኔታ ዘንድ የተላከ ልጅ ነበር፤ ሀሁን ሳይጨርስ ተመልሶ እርፍ ጨበጠ። እህቱ የተማረችው እሱ ባረሰው ነው።

ደርበው ጎረመሰ፣ ጠመንጃ ያዘ፣ አገሩም ደሙን መቼ ይመልሳል እያለ ይጠብቀው ጀመር። የሚያስታውሰው አላጣም። የአባታቸው እህት እትዬ የሺወርቅ በአካባቢው ስመ ጥር አልቃሽ ነበሩ፤ በወንድማቸው ለቅሶ ላይ ያወጡት ሙሾ ከአፍ አፍ ዞሮ ሴቶቹ ወፍጮ ላይ እንኳ ያንጎራጉሩት ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ በተለይም የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት የሆኑት አባ ወልደ ሩፋኤል፣ ስንት ክረምትና በጋ ተመላልሰው በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስታረቋቸው። ደርበው ጠመንጃውን ሸጦ በሬ ገዛ። የቻላቸውን የበኩር ልጅ ክርስትና አነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ "አበልጅ" እየተባባሉ በደቦ አብረው ያርሳሉ፣ ገበያም አብረው ይወርዳሉ። ከመሐላው ቃል አንዱ የእትዬ የሺወርቅ ሙሾ ነበር። አባ ወልደ ሩፋኤል እትዬ የሺወርቅን መስቀል አስይዘው አስማሏቸው፦ ሰው በተሰበሰበበት ዳግመኛ እንዳያነሡት። ሙሾ የረጋ ደም ያሞቃል።

በመደብሩ ሁለተኛ ዓመት ላይ ማስተዋል መጣ። የእምቢልታ የሰሜን አካባቢ ኃላፊ ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ቀልደኛ፣ ሰው የማይንቅ ጎልማሳ። "አቶ ማስተዋል" ስትለው "አንተ በይኝ፣ ፀጉሬ ይመለጥ እንጂ ገና ልጅ ነኝ" ይላታል። ድርጅቱ ከየአገሩ ጥንታዊ ዜማ ሰብስቦ በአዲስ መልክ ሊያወጣ አስቦ ነበር። ደባርቅ ላይ የሚያውቁ ሰው እንዳሉ ሲጠይቃት እሌኒ በኩራት "አክስቴ አለች" አለችው።

እትዬ የሺወርቅ እንግዳውን ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ማስተዋል ሳሙና የምታክል መቅረጫ አውጥቶ ፊታቸው ሲያስቀምጥ "ይቺ ናት የምትሰማው?" ብለው ገልበጥበጥ አድርገው አዩዋት። የሠርጉን አወረዱ፣ የእንቁጣጣሹን፣ የጎበዝ አዝመራውን። ቤቱ በሴቶች ሞላ። ሲበቃው ማስተዋል፣ እማማ ከሁሉ የሚወዱትን አንዲት ይጨምሩልኝ አላቸው።

አሮጊቷ ተነሥተው ሴቶቹን አስወጡና በሩን ዘጉ። እሌኒ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባት።

"እትዬ፣ መሐላው..." አለቻቸው በጆሯቸው።

"የማልኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው" አሉ እትዬ የሺወርቅ። "የት አለ ሰው? አንቺ ልጄ ነሽ። ይሄ እንግዳ ነው፣ ነገ ይሄዳል። ያ ደግሞ ዕቃ ነው። ወንድሜን ካለቀስኩት ስንት ዘመኔ፤ ሳልሞት አንድ ጊዜ ላልቅሰው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው አወረዱት፦

ደመላሽ ወዴት ነህ? ደጁ ሰው ሞላበት፣
መደቡም ተነጥፎ፣ አዳሪ ጠፋበት።
እንዴት እንቅልፍ መጣህ፣ ጎረቤት ሲስቅብህ?
ደመላሽ ስምህን፣ ማን ነው ያወጣልህ?

ማስተዋል እንባው መጣ። ዜማው ነው ያስለቀሰው፤ ቃሉ ሁሉ አልገባውም። ወደ ደባርቅ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ደጋግሞ ሰማውና "ደመላሽ ማነው?" ብሎ ጠየቃት።

እሌኒ፣ ደም የሚመልሰው ማለት ነው፣ ወንድሜ ማለት ነው፣ አባቴ እንደ ፍየል ተጥሎ አርባው ሳይወጣ አንድ ሕፃን ልጅ ግደል ተብሎ የተለቀሰበት ነው ልትለው ትችል ነበር። ግን የአዲስ አበባ ሰው ነው። ነገ ጎንደር ቢሮ ገብቶ የደባርቋ ልጅ አገር እንዲህ ነው ብሎ ሲያወራ ታያት። አፈረች። ደመላሽ ደግሞ የሰው ስም መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ከክፍሏ እንኳ ሁለት ደመላሾች ነበሩ።

"የሰው ስም ነው" አለችው። "የምትወደው ልጅ ስም።"

"እና ቀጠሮ ቀረባት?"

"ቀረባት።"

"ተይ እንጂ" አለ ማስተዋል እየሳቀ፤ "መደቡም ተነጥፎ። እማማ ቀላል አይደሉም።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ዘፈኑ ከፋሲካ በፊት ወጣ። አንዲት ወጣት ዘፋኝ ቀልጠፍ ባለ ምት ዘፈነችው፤ የእትዬ የሺወርቅ ሁለት ስንኞች እንዳሉ ገብተው፣ ዙሪያው በዓይንና በጥርስ፣ በናፍቆትና በቀጠሮ ተሞላ። "ደመላሽ ወዴት ነህ" አዝማች ሆነ። እምቢልታ ከዚያ ወር በፊት እንዲያ የተሸጠለት ነገር አልነበረም። ከጎንደር የሚመጡ ሚኒባሶች ኮሶዬን ሳያልፉ ይከፍቱታል፣ ዳባት ሻይ ቤቶቹ ቀኑን ሙሉ ያስጮሁታል። ድርጅቱም ዕድሉን አላሳለፈም፦ ብርቱካናማ ኮፍያ አሠርቶ ግንባሩ ላይ በትልቅ ጥቁር ፊደል "ደመላሽ" ብሎ ጻፈበት።

ኮፍያዎቹ በካርቶን ታሽገው ደባርቅ ሲደርሱ እሌኒ አንዱን ከፍታ አየች፣ መልሳም ዘጋችው። ሲዲውን በዝቅተኛ ድምፅ ከፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ካርቶኖቹን ሁሉ ጓዳ አስገብታ ቲሸርት ከመረችባቸው። የወሩ ዘፈን በገበያ ቀን በበሩ ሞንታርቦ እንዲለቀቅ ትእዛዝ ነበር፤ እሷ ግን መብራት የለም ትላለች፣ ሞንታርቦው ተበላሽቷል ትላለች። ሱቁ የወሩን ዘፈን የማያሰማ ብቸኛው እምቢልታ ሆነ። የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደርበው እንዳይሰማው። ገጠር መብራት የለም፣ ወንድሟም ሻይ ቤት የሚቀመጥ ሰው አይደለም። በሚመጣበት ቀን ሁሉ ከገበያው ራሷ ትቀበለውና በጓሮ በኩል ወደ ቤቷ ታስገባዋለች። እሱም፣ ምነው እህቴ እንደ ሌባ በጓሮ ታስገቢኛለሽ እያለ ይስቅባታል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በዋለው የገበያ ቀን፣ ገና በማለዳው፣ ማስተዋል ሳይደውል መጣ። ብርቱካናማ የተቀባች ፒክአፕ ይዞ፣ ሞንታርቦ ጭኖ፣ ሁለት ወጣቶች አስከትሎ። ጓዳ ገብቶ ከቲሸርቱ ሥር ካርቶኖቹን አገኘ። አልተቆጣም። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠና አያት።

"እሌኒ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ደባርቅን እንዝጋው እያለ ነው" አላት። "አይዘጋም ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አደረግኩሽ?"

እሌኒ የዚያን ቀን እውነቱን ነገረችው። ስለ አባቷ፣ ስለ ይግዛው፣ ስለ መሐላው ሁሉንም ዘረዘረች። ማስተዋል ሲሰማ ቆይቶ ራሱን ያዘ።

"የሰው ስም ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"አሁን ግን ታርቀዋል አይደል? ክርስትና ተነሣስተዋል አላልሽም?"

"ታርቀዋል።"

"ታዲያ ከታረቁ ዘፈን ምን ያደርጋቸዋል?"

ይህን እንዴት እንደምታስረዳው አጣች። ሁለቱም እርቁን የሚጠብቁት ስለሚዋደዱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማንም ስላላነሣባቸው ጭምር እንደሆነ፤ ገበያ ሙሉ ሰው ፊት "ደመላሽ ወዴት ነህ" ሲባል ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ብለው መሬት እንደሚያዩ፣ ያ ዝምታም ወንድሟን እንደሚገድለው። "ዘፈኑን አትልቀቀው" ብቻ አለችው። "ደርበው ዛሬ ይመጣል። ከሰማው አለቀ። እለምንሃለሁ።"

ማስተዋል ክፉ ሰው አልነበረም። መካከለኛ መንገድ አገኘ፦ ሞንታርቦው ዝም ይላል። ነገር ግን ባዶ እጁን ጎንደር መመለስ አይችልም፤ ኮፍያው ዛሬ ለገበያተኛው በነፃ ይታደላል፣ መደብሩም በዚያ ይተዋወቃል። "ኮፍያ አይጮህም" አላት።

እሌኒ አሰበችበት። ስንት ሳምንት ጆሮ ስትጠብቅ የከረመች ሰው ናት፤ የፈራችው ሁሉ የሚሰማ ነገር ነበር። ኮፍያው አይሰማም። ወንድሟ ፊደል አይለይም፤ ከሱ አገር የሚወርደው አብዛኛው ገበያተኛም እንደዚያው ነው፣ ለነሱ ብርቱካን ጨርቅ ነው። ጽሑፉን የሚያነበው የከተማው ልጅ ደግሞ ደመላሽን የሚያውቀው ከዘፈን ነው። ሱቁም አይዘጋም። "ይሁን" አለችው።

ረፋዱ ላይ ገበያው በብርቱካን ነጠብጣብ ተሞላ። በግ ነጂው፣ ሽንኩርት ሻጩ፣ ከጥምጣማቸው ላይ የደረቡት ቄስ ሳይቀሩ። ማስተዋል ከፒክአፑ ላይ ሆኖ ይወረውራል፣ ሰው ይሻማል፣ ይሳሳቃል። የበጉ ተራ ሞቅ ብሎ ነበር፤ አንዱ ለበጉ አጥልቆለት "ይኸውላችሁ ደላላ" እያለ ያስቃል። እሌኒ ወንድሟን ልትቀበል ሁለት ጊዜ ወጥታ አጣችው። ከገበያው የሚመጡ ደንበኞች ሱቁን ሞልተውት ስለነበር ሦስተኛ መውጣት አልቻለችም።

ደርበው ወደ እኩለ ቀን ላይ በፊት ለፊት በር ገባ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ። ኮፍያው አናቱ ላይ ጉብ ብሏል።

"ያንቺን ቀለም ለበስኩልሽ" አላት። "ያ ራሰ በራ ጌታሽ ነው የሰጠኝ። ወንድሟ ነኝ ብለው በሁለት እጁ አደረገልኝ።"

እሌኒ እጇ ላይ የነበረውን ሲዲ አስቀመጠች። "ብቻህን ነህ?"

"አይ፣ ከአበልጄ ጋር ነው የወረድነው። እሱ ተመለሰ።"

"መች? አይቶታል?"

"ምኑን?"

"ኮፍያውን!"

ደርበው ግራ ገባው። ቀስ ብሎ ነገራት። በጉን ሸጠው እንደጨረሱ ኮፍያውን አጠለቀ። ቻላቸው ሊስቅበት ዞሮ አየው፤ ከዚያም ሳይስቅ ቀረ። ይሄን ከማን አገኘኸው አለው። ከእህቴ ቤት ነው፣ ለኔ ብላ ያሠራችው ነው አለው፤ ለቀልድ ነው እንዲያ ያለው። ቻላቸው ትንሽ ቆሞ ጉዳይ ረስቻለሁ፣ ቀድሜህ ልሂድ አለና ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ እጁ አውርዶ በመንገዱ ወጣ። አብረው ምሳ ሊበሉ ተቃጥረው ነበር።

ቻላቸው የቀበሌ ሚሊሻ ነው። ሚሊሻ ሲሆን በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ ማመልከቻ የሚነበብለት ያጣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወደሱ ነው የሚሄደው። እሌኒ ይህን ታውቅ ነበር። ጠዋት ይሁን ስትል ግን አልመጣላትም።

የሱቁን ደንበኞች አስወጥታ በሩን ዘጋች። አሁን ምርጫው ሁለት ነበር፣ ሁለቱም ገደል። ሳትነግረው ብትለቀው ምንም ሳያውቅ መንገድ ይገባል። ብትነግረው ደግሞ ያን የጨረሱትን ነገር በገዛ አፏ ታነሣበታለች። አየችው፤ ኮፍያውን በጣቱ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይጠብቃታል። ነገረችው። ኮፍያው ላይ የተጻፈውን፣ ዘፈኑን፣ እትዬ የሺወርቅን፣ ማስተዋል ሲጠይቃት የመለሰችለትን።

ደርበው ኮፍያውን አወለቀና ፊደሉን አየው። ገልብጦ አየው። እንደዚያ ያለ ፊቱን ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ቁጣ ቢሆን በወደደች ነበር። ልጅ እያለ እርፍ ይዞ ከብቶቹ እንቢ ሲሉት የሚሆነው ዓይነት ፊት ነበር።

"የቱ ነው ደም የሚለው?" አላት።

ሁለቱን ፊደላት በጣቷ አሳየችው።

"እና አንብቦታል።"

"አንብቦታል ጋሼ።"

"ከእህቴ ቤት ነው፣ ለኔ ያሠራችው ነው አልኩት።" ፊደሉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። "እንግዲህ እሱ አሁን ምን ይበል? እኔስ እሱን ብሆን?"

እዚህ እደር አለችው። ለምናው አለቀሰች። ነገ አባ ወልደ ሩፋኤልን ይዘን እንሄዳለን፣ እሳቸው ባሉበት እናስረዳዋለን አለችው። ደርበው ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ዛሬ ደንግጧል እንጂ ገና አልጨከነም፤ ፍርሃት ካደረ ይከርማል፤ ነገማ ወንድሞቹን ሰብስቦ፣ ልጆቹን ወደ ዘመድ አሽሽቶ ነው የሚጠብቀኝ አላት። አሁን ልድረስበት። በመንገድ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን።

"ምን ትለዋለህ?"

"ማንበብ እንደማልችል እነግረዋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?"

ኮፍያውን እሷ ጋ እንዲተው ብትይዝበት አልለቀቀም። በእጄ ይዤ ካላሳየሁት በምን ያምነኛል አለ። ዱላውን ግን ሒሳብ መቀበያው ላይ አጋድሞ ተወው፤ ባዶ እጁን እንዲታይ ፈልጎ ነው። በሩን ከፍቶ ወጣና በገበያተኛው መሀል እየገፋ በጃናሞራ መንገድ ሲሮጥ አየችው። ትልቅ ሰው ገበያ ላይ ሲሮጥ ነውር ነው። ሰዎች ዘወር እያሉ አዩት።

እሌኒ ማስተዋልን ፍለጋ ሮጠች፤ በመኪና ይደርሱበት እንደሆነ። ፒክአፑን ያገኘችው ከገበያው ማዶ፣ በሰው ተከባ ነው። ማስተዋል እሷን ሲያይ ወረደ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ አስገባትና ነዱ። የመኪናው መንገድ ከእግር መንገዱ የሚለይበት ቦታ ላይ ወርደው በእግር ቀጠሉ። ማስተዋል ከፍታው ትንፋሽ እየነሣው በየጥቂቱ ይቆማል፣ እሷ አትቆምም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ ተተኮሰ። ድምፁ ገደሉን ዞረ፣ ተመልሶ መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ማስተዋል ከኋላዋ "ምንድን ነው? አዳኝ ነው?" ይላል።

ቻላቸው አልሸሸም። ጠመንጃውን ይዞ ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ቤት ሄደ፤ እሳቸው ናቸው ደባርቅ ድረስ አብረውት መጥተው ለፖሊስ ያስረከቡት። እሌኒ የወንድሟን ሬሳ ከቁልቁለቱ በቃሬዛ አስወጥታ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ጣቢያው ስትደርስ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ካህኑ ከጎኑ ናቸው። ቃሉን የሚቀበለው ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ብርቱካናማው ኮፍያ ተቀምጧል። ፖሊሱ አንገቱን ሰብሮ "ነፍስ ይማር" አላት፣ ወንበርም ሰጣት። አልተቀመጠችም።

ቻላቸው ቀና ብሎ አላያትም። ለፖሊሱ የሚናገረውን ቀጠለ። ዘፈኑን የሰማው ከሳምንት በፊት ነው፤ ዳባት፣ ሻይ ቤት ውስጥ። የየሺወርቅ ሙሾ መሆኑን አወቀ። ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም። አበልጁ ያነሣዋል ብሎ ጠበቀ፣ አላነሣም። ዝም ማለቱ ምን እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ዛሬ ደግሞ ግንባሩ ላይ ጽፎት መጣ፤ እህቴ ናት ያሠራችልኝ ብሎ ሳቀብኝ። ደሙን ሊመልስ እንደሆነ ነገረኝ አልኩ። ሰው እንዲህ አድርጎ ከነገረህ በኋላ ምን ትጠብቃለህ?

"ከዚያስ?" አለ ፖሊሱ።

"ቁልቁለቱ ላይ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። ዞሬ ባይ እየሮጠ ይመጣል። አንድ እጁን ወደ ላይ አድርጎታል፣ የያዘው ነገር ይታየኛል። ቁም አልኩት። አልቆመም። ሁለተኛ ቁም አልኩት።"

ፖሊሱ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ።

እሌኒ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ለራሷ እንኳ የሌላ ሰው መሰላት። "ምን እያለ ነበር?"

አባ ወልደ ሩፋኤል እጃቸውን በቻላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። "ንገራት ልጄ" አሉት።

"አልሰማሁትም ነበር" አለ። "ንፋስ ነበር። ከወደቀ በኋላ ነው ጠጋ ብዬ የሰማሁት። 'አበልጅ፣ አንብብልኝ' ይለኛል። 'ምን እንደሚል አንብብልኝ።'"

"አነበብክለት?"

"አነበብኩለት" አለ ቻላቸው።